አራት ጣት ትርፍ

የቧንቧ ሠራተኛው ባለፉት ሦስት ዓመታት ለብስክሌት ሠሪዎች ውድድር ሦስት ብስክሌት ሠርቶ፣ ሦስቱንም ጊዜ አፍሮ ተመልሷል። የመጀመሪያው ሲነዳ እንደ አህያ ይጮህ ነበር። ሁለተኛው ቀለሙ ሳይደርቅ ቀርቦ የአንዱን ዳኛ ነጭ ሱሪ አረንጓዴ አደረገው። የአምናውማ አይነሳ፤ መሪው ተነቅሎ እጁ ላይ ሲቀር፣ ብስክሌቱ ለብቻው ሄዶ የዳኞቹ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሌላ ሰው ቢሆን በቃኝ ይል ነበር። እሱ ግን ዓይኑን በጨው ታጥቦ ዘንድሮም ተመዘገበ።

ውድድሩ የባለሙያ አይደለም። ጥርስ ሐኪሙ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ የሂሳብ አስተማሪዋ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እጃቸውን ግራሶ ካልነካው ቅር የሚላቸው ሁሉ የሚሰባሰቡበት ነው። የዘንድሮው ደንብ ግን ለየት አለ። ብስክሌቱ ለአንድ ሰው ተለክቶ መሠራት አለበት፤ ያ ሰው ራሱ በውድድሩ ቀን የትምህርት ቤቱን ሜዳ አንድ ዙር ካልዞረበት ሥራው አይቆጠርም። መግፋት የለም፣ መደገፍ የለም። ንድፉም አስቀድሞ በወረቀት ይቀርባል።

ቅጹ ላይ "የሚነዳው ሰው" ከሚለው ፊት ለፊት የአማቱን ስም ጻፈ። ሳይጠይቃቸው ነው የጻፈው።

አማቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ አርባ ዓመት የሰፈሩን ሰው ሲያለብሱ የኖሩ። ሰፈሩ "እማማ መቀስ" ይላቸዋል፤ ለእጃቸው ይሁን ለምላሳቸው የሚያውቅ የለም። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከመታቸው ወዲህ ግን አሥራ አራት ወር ሙሉ ከግቢው በር አልወጡም። እግራቸው ጨርሶ አልከዳቸውም፤ በከዘራ ከአልጋቸው እስከ መስኮቱ ይሄዳሉ። እምቢ ያሉት መንገዱን ነው። "ስጎተት ያየኝ ሁሉ ከንፈሩን ሲመጥልኝ ከምሰማ መስኮቱ ይበቃኛል" ብለው ቁርጡን ተናግረዋል።

ልጃቸው፣ የቧንቧ ሠራተኛው ሚስት፣ ነርስ ናት፤ ነርስነቷንም ይዛው ቤት ትገባለች። እናቷ አንድ ቀን በአክስቷ ስም ቢጠሯት መቀሱን ደበቀች። ካውያውን ሳያጠፉ ቢረሱት ካውያውንም ወሰደች። አሮጊቷ አልተቆጡም። የቧንቧ ሠራተኛውን ያስደነገጠው ይኼ ነው፤ እማማ መቀስ የማይቆጡበት ቀን ደህና ቀን አይደለም። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር በጠፋባቸው ቁጥር ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ ያደርጉና "ይኸውልህ፣ ይሄም ሊሄድ ነው" ይሉታል። ለልጃቸው አይሉም፤ ለእሱ ብቻ።

እሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ እኚህ ሴትዮ ከዚያ መስኮት ተነስተው መንገድ እንዲወጡለት። ዋንጫው ቢገኝ አይጠላም፤ ግን ዋንጫ ኖሮት ስለማያውቅ አያምረውም።

የመጀመሪያውን ንድፍ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላቸው። ባለ ሦስት ጎማ ነው፤ እንዳይደክማቸው ትንሽ ሞተር ከኋላ ገብቶለታል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው።

"እርስዎ ነዎት፣ እማማ።"

"ይቺ ክብ ነገር?"

"ጭንቅላትዎ ነው።"

"እሺ። እግሬስ የታለ?"

አለመሳሉን ያኔ አየ። ሞተር ስላለ ፔዳል አላስፈለገም፤ ፔዳል ስለሌለ እግር አልሳለም። "እግር የሌላት ሴትዮ ስለህ 'እርስዎ ነዎት' ትለኛለህ? እንደ ከረጢት ልትጭነኝ ነው?" አሉና ወረቀቱን ገፉት። "ከአልጋዬ ሥር የእኔን ወረቀት አምጣ። እርሳስም ቅረጽልኝ።" እነዳለሁም አልነዳምም አላሉም፤ እሱም ብልጥ ነውና አልጠየቀም።

ሦስት ቀን ነደፉ። ጥቅሉን የልብስ መንደፊያ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስዘርግተው፣ እግራቸውን ከዳሌ እስከ ተረከዝ፣ ክንዳቸውን ከትከሻ እስከ መዳፍ ለኩ። የሜትሩን ጫፍ የሚይዘው እሱ ነው። "ጠበቅ አድርገህ ያዝ እንጂ፣ አትፍራኝ፤ እኔ አላፈስም!" ይሉታል። ሞተሩን ሰረዙት። ፔዳል ገባ፤ ጠንካራው ቀኝ እግር ሲረግጥ ደካማው ግራ አብሮ እንዲዞር የቆዳ ማሰሪያ ተደረገለት። መቀመጫው ከነመደገፊያው ወደ መሬት ዝቅ አለ፤ እንዳይነቃነቅባቸውም አንድ ቦታ ተበይዶ እንዲቀር ተስማሙ። ወረቀቱ ላይ ያለው ብስክሌት ራሱን ብስክሌቱን ያክል ነበር። በሦስቱ ቀን ውስጥ አማቹን አሥራ አንድ ጊዜ ሰድበውታል። እየቆጠረ ነበር፤ በደስታ ነው የቆጠረው።

ከዚያ ወዲያ እሱ ከጓሮው መጋዘን አልወጣ አለ። የቧንቧ ሰው መስመር ያከብራል፤ የክር ያህል ከሳተ ውሃው ያሳጣዋል። ስለዚህ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ወረቀቱ ላይ እያስተኛ፣ ደማቁን መስመር ተከትሎ ጫፍ ጫፋቸውን ቆረጠ፣ በየደ፣ ሞረደ። በዕድሜው እንዲህ ጥርት ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

ለውድድሩ አሥር ቀን ሲቀረው ብስክሌቱን ወደ ግቢው አወጣውና ከሚስቱ ጋር ግራና ቀኝ ደግፈው አስቀመጧቸው። አሮጊቷ ተደላደሉ። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ። እግራቸውን ዘረጉ። ፔዳሉ ጋ አልደረሰም፤ ግራውም፣ ቀኙም። አራት ጣት ያህል ይቀረዋል።

አሮጊቷ እግራቸውን ትክ ብለው አዩት። "አጥሯል" አሉ ቀስ ብለው። "አየህ? እግሬም እያጠረ ነው።"

"ኧረ እማማ! እኔ ነኝ፤ አቆራረጤ ነው፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" አለ ተሽቀዳድሞ።

"አንተ ደግሞ! አምና በመሪ፣ ዘንድሮ በፔዳል! ሜትር ማንበብ አላስተማሩህም?" አለች ሚስቱ። እናቷን ለማሳቅ ነበር። አልሳቁም። ከዘራቸውን ጠየቁና "ስሜን ሰርዘው" ብለው ገቡ።

እሱ መጋዘን ገብቶ ወረቀቱን ዘረጋ። ቱቦ በቱቦ፣ መስመር በመስመር አስተያየ። አንድም ቦታ አልሳተም። ግራ ገብቶት ጎንበስ ሲል፣ ከደማቁ መስመር ሁለት ጣት ገባ ብሎ ሌላ መስመር አየ፤ በቀጭኑ የተነጠበጠበ፣ ዓይን ካልሳሉበት የማይታይ። ያኔ ገባው። ልብስ ሰፊ ሁለት መስመር ታሰምራለች። ውስጠኛው የገላው ልክ ነው፤ ውጪኛው መቀሱ የሚሄድበት ነው፤ በመሃል ያለው ሁለት ጣት በስፌት ታጥፎ የሚገባ ትርፍ ነው። አርባ ዓመት የለመደ እጅ ለብረትም የስፌት ትርፍ ሰጠው። በአንዱ ጫፍ ሁለት፣ በሌላው ጫፍ ሁለት፣ አራት ጣት።

ሄዶ ነግሯቸው አብሮ መሳቅ ይቻል ነበር። ግን ጣታቸው ወደ ግንባራቸው ሲሄድ ታየው።  ዝም አይነቅዝም አለና ወረቀቱን ጠቅልሎ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ሸጎጠው።

አሮጊቷ ሁለት ቀን መስኮቱ ሥር ተቀምጠው አኮረፉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ወደ ሥራ ሲወጣ ጠሩት።

"ወረቀቴን አምጣልኝ።"

"ረጠበ እማማ። ውሃ ነካውና ተበላሸ።"

"በቧንቧ ሠራተኛ ቤት?"

ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወጣ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እማማ መቀስ ግን ማደርም አላስፈለጋቸው። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ አልጋቸው ላይም መስኮቱ ሥርም አጣቸው። ወደ ጓሮ ሮጠ። መጋዘኑ ውስጥ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከዘራቸው ብስክሌቱ ላይ ተደግፏል። ግቢውን ማንም ሳይዛቸው ተሻግረውታል።

"ና" አሉት። "ይሄን ዘንግ ስንት ሳትከው?"

"አራት ጣት።"

"ይሄንንስ?"

"እሱንም አራት..."

"የመሪውንስ?"

ዓይኑን ወደ ውሃ ታንከሩ ሰረቅ አደረገ።

"እኔ ልንገርህ፤ አራት። ሰው ሲሳሳት እዚህ ያስረዝማል፣ እዚያ ያሳጥራል። ሁሉን ቦታ እኩል አራት ጣት የሚስት ሰው አላየሁም፤ አንተማ እንዲህ አስተካክለህ መሳሳት ከየት ይመጣልሃል! ይሄ የእኔ እጅ ነው። የስፌት ትርፌ ነው። አውቀሃል አይደል?"

"አውቄያለሁ።"

"ታዲያ ለምን ደበቅከኝ?"

"ጭንቅላትዎን እንዳይጠራጠሩ ብዬ ነዋ። እንዳያዝኑብኝ ብዬ።"

አሮጊቷ ቁጣቸው ፊታቸው ላይ መጣ፤ አሥራ አራት ወር ያልታየ ቁጣ። "ስማኝ። በሽታው እግሬን ያዘብኝ፤ ይሁን። ልጄ መቀሴን ደበቀች፣ ካውያዬን ወሰደች፤ ይሁን፣ ስለምትወደኝ ነው። አሁን አንተ መጥተህ ስህተቴን ወሰድክብኝ። ስህተት እንኳ አይኑረኝ? የማይሳሳተው እኮ የሞተ ሰው ነው! መልስልኝ።"

የቧንቧ ሠራተኛው እወዳቸዋለሁ ብሎ ያደረገው ነገር ምን ያህል እንዳሳነሳቸው ያን ጊዜ ነው የገባው። ታንከሩ ጀርባ ገብቶ ጥቅሉን አወጣና ጭናቸው ላይ አስቀመጠው። አሮጊቷ የነጠብጣቡን መስመር በጣታቸው ተከተሉት። ድንገት ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሱ መስሎት ተጠጋ፤ እየሳቁ ነው።

"ለብረት!" አሉ ትንፋሽ እያጠራቸው። "የስፌት ትርፍ ለብረት! እጥፋቱን በምን ልሰፋው ኖሯል!" እሱም ሳቀ። እንባው ግን ከሳቁ ቀድሞ ነበር የመጣው፤ አሮጊቷ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

"በል ተነስ" አሉት በመጨረሻ። "የሰፋ ይጠባል።"

"ብረት እኮ ነው እማማ።"

"ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው። እኔ አሰምራለሁ፣ አንተ ትቆርጣለህ። ከአንድ ወገን ብቻ እንዳታጠብበው፤ ይጎትታል።" ጠመኔ አንስተው ቱቦዎቹ ላይ ከዚህም ከዚያም ምልክት አደረጉ። ያን ሳምንት ሁለቱ መጋዘን ዋሉ። የብየዳው ቅጥያ በየቱቦው ላይ እንደ ቀለበት ጎልቶ ወጣ። በማጣበቂያ ሞልቶ ቀለም ሊቀባው ሲል እጁን ያዙት። "አትሸፍነው። ያጠበብነው ነው፤ ይታይ።" ሚስቱ ነገሩን ስትሰማ መቀሱንና ካውያውን ከቁም ሳጥኑ አናት አውርዳ የእናቷ የስፌት መኪና ላይ አስቀመጠቻቸው።

የውድድሩ ቀን ሜዳው ሰው በሰው ነበር። አሮጊቷ በታክሲ መጥተው፣ መቀመጫቸው ላይ ተደላድለው፣ እግሮቻቸው ፔዳሎቹ ላይ ልክ ዐርፈዋል። ግን ሰው ባያቸው ቁጥር ያንን ደካማ እግር በቀሚሳቸው ይሸፍኑታል። የቧንቧ ሠራተኛው ይህን አየ። ዋናው ዳኛ መጥቶ ቅጥያዎቹን በጣቱ ዳሰሰ።

"ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? ዘንድሮም ተሳሳትክ?"

እሱ አፉን ከፈተ። ቃል ከማውጣቱ በፊት አሮጊቷ ቀና አሉ።

"የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ያጠበብኩትም እኔ ነኝ። ይልቅ መንገድ ልቀቁልኝ።"

ሌሎቹ ዙሩን በደቂቃ ጨርሰውት ነበር። እማማ መቀስ ጊዜ ወሰዱ። ቀኙ ይረግጣል፣ ግራው ዘግየት ብሎ ይከተላል። ልጃቸው እጇን ዘርግታ በጎን ስትከተል "ወደዚያ! ነጥብ ታስቀንሺያለሽ" ብለው አባረሯት። መጀመሪያ ላይ ዓይናቸው መሬት ላይ ነበር። ሜዳው መሃል ሲደርሱ ቀና አሉ። ሩቡ ሲቀራቸው ቀሚሳቸውን ትተውት ሁለቱንም እጃቸውን መሪው ላይ አደረጉ። የመጨረሻውን መስመር ሲያልፉ ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

አላቆሙም። በጠረጴዛው ፊት አለፉ፤ ወለል ብሎ በተከፈተው የትምህርት ቤቱ በር ወጡ፤ ወደ መንገዱ ታጠፉ።

"ኧረ ብስክሌቱ! ዳኞች ሳያዩት ነጥብ የለም!" ብሎ ጮኸ ዋናው ዳኛ። የቧንቧ ሠራተኛው ሮጠ። ብዙም አልሮጠ፤ ጥግ ላይ ካለው ሱቅ አጠገብ ደረሰባቸውና ከፊታቸው ቆመ። ጉንጫቸው ቀልቷል፤ ሻሻቸው ወደ ኋላ ተንሸራቷል፤ ደካማው እግር ከነማሰሪያው በመንገደኛው ሁሉ ፊት ተገልጦ ይታያል።

"እማማ፣ ዳኞቹ እየጠበቁ ነው። ካልተመለስን አይቆጥሩልንም።"

"አንተስ ምን ትላለህ?"

አሰበ። ማሰብም አላስፈለገው። "ይሂዱ" አለ።

"እንግዲያው ከፊቴ ዞር በልልኛ" አሉት። "መንገዱን ከለልከኝ።"