«በራሴ ድምፅ» የተባለው አልበም

ራዶስቲን ካብሌሽኮቭ የብቻውን አልበም ካወጣ ጀምሮ ፍርሃት አልለቀው ብሎ ነበር። በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው በሩሴ ከተማ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ነገሩን በቀላሉ ነው ያየው። አርባ ዓመት ሙሉ «ሦስተኛው ወደብ» የሚባለው የሮክ ባንድ የዘፈን ደራሲ ተብሎ የኖረ ሰው፣ በስድሳ አራት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ዘፍኖ አደባባይ ሲወጣ ቢፈራ ምን ይገርማል? የሰፈሩ ጋጋሪ እንኳ የጠዋት ባኒጻውን፣ አይብ ያለበትን ቂጣ፣ በወረቀት እየጠቀለለለት፣ «አይዞህ ጋሽ ራዶ፣ ሃያሲ ሰው አይበላም» ብሎት ነበር።

ሚስቱን ማግዳን ግን አንድ ነገር ግራ አጋብቷታል። አልበሙ በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የሬዲዮ ጣቢያ የራዶስቲን ድምፅ ዘይት ያልነካው የበር ማጠፊያ ይመስላል፣ ግጥሙም ከጎረቤት ወሬ አይሻልም ብሎ አብጠለጠለው። እሷ አዝናለት ምን ብዬ ላጽናናው ስትል፣ እሱ ሁለት ሳህን ሾርባ ጨርሶ ጥሩ እንቅልፍ ተኛ። በማግስቱ አንድ የሶፊያ ጋዜጣ «የሽማግሌው ተኩላ ጥርስ አልረገፈም» ብሎ አሞገሰው። ጽሑፉ መሐል ግን «ለባንዱ ከደረሳቸው ከድሮዎቹ አሥራ አንድ ዘፈኖች ጋር ስናነጻጽረው» የሚል ነገር ነበረበት። ማግዳ ጮክ ብላ ስታነብለት እዚያ ላይ ስትደርስ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ማንኪያውን አስቀምጦ ወደ በረንዳው ወጣ። ነቀፌታ አላስፈራውም። የሚያስፈራው መነጻጸር ነበር።

ምክንያቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ እሱ ነው።

በወጣትነታቸው ባንዱ ውስጥ ኪቦርድ የምትጫወት ኔቬና የምትባል ልጅ ነበረች። ዝምተኛ ናት፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ግጥሙንም ዜማውንም የምትደርሰው እሷ ነበረች። በዚያ ዘመን አንድ ዘፈን በሬዲዮ እንዲሰማ የሳንሱር ኮሚቴ ማጽደቅ ነበረበት። የኔቬና አባት ደግሞ በዳኑብ ጀልባ ላይ መካኒክ ሆኖ ሲሠራ፣ አንድ ቀን ቪየና ላይ እንደወረደ ቀረ። አገር ከድቶ የኮበለለ ሰው ልጅ ስም ኮሚቴው ፊት ቢቀርብ ዘፈኑም ባንዱም ያልቅላቸዋል። «በእኔ ስም እናስገባው፤ ጊዜ ሲያልፍ እናስተካክለዋለን» ያለው ራዶስቲን ነው። ያን ጊዜ በሆዱ ክፋት አልነበረም። እሷም እሺ አለች። ከሌሎቹ የባንዱ ልጆች እንኳ ደብቀው፣ እሷ እየጻፈች ትሰጠዋለች፣ እሱ የራሱ አስመስሎ ያመጣዋል።

አሥራ አንድ ዘፈን በዚህ መንገድ አለፈ። ከእነዚያ አንዱን፣ «ማዶ» የተባለውን፣ በአገሩ የማያውቀው የለም፤ በሠርግም በቀብርም ይዘፈናል። ኔቬና ባንዱን ትታ ወደ እናቷ ከተማ ወደ ቱትራካን ሄዳ የሙዚቃ አስተማሪ ሆነች። ከዚያ ያ አገዛዝ ወደቀ፣ ኮሚቴውም ተበተነ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ለራዶስቲን ደብዳቤ ጻፈችለት። «አሁን ማስተካከል የምንችል ይመስለኛል» ይላል። አንብቦ ምድጃ ውስጥ ጨመረው። ያን ሰሞን ከተማው የክብር ሽልማት ሊሰጠው ቀን ተቆርጦ ነበር። ለከርሞ እናገራለሁ ብሎ ራሱን አታለለ። ዓመት ዓመትን እየወለደ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሄደ።

ታዲያ ይህን የሚያህል ነገር በሆዱ ይዞ አልበም ማውጣት ምን አመጣው? የባንዱ ዘፋኝ ሊዩበን ከሞተ በኋላ ቤቱ ተቀምጦ ጊታር ሲነካካ አንድ ዘፈን መጣለት፣ የራሱ። ከዚያ ሌላ መጣ። በስተርጅና ከገዛ ጣቱ የሚዘፈን ነገር ሲወጣ ደስታው አሳወረው። የሚያነጻጽር ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበው ሲዲው ታትሞ ካለቀ በኋላ ነው።

ከሁሉም የሚፈራው ሃያሲውን አሰን ፓናዮቶቭን ነበር። አሰን አይሳደብም፣ አያሾፍም። አንድ አልበም ላይ ለመጻፍ ወር ይፈጅበታል፤ የሚጽፈውም ሁሉም የሰማውን፣ ግን ማንም ልብ ያላለውን ነገር ነው። ጽሑፉ የወጣው ሐሙስ ጠዋት ነው። ማግዳ መነጽሯን አድርጋ ከስልኳ ታነብለት ጀመር።

አጀማመሩ መልካም ነበር። አልበሙ ትንሽ ነው፣ ግን ሐቀኛ ነው ይላል። አራተኛው ዘፈን፣ ስለ አውቶቡስ ማቆሚያው የተጻፈው፣ ጌጥ የሌለው በመሆኑ ልብ ይነካል ይላል። ራዶስቲን መተንፈስ ጀመረ። ከዚያ ማግዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

«የድሮዎቹን አሥራ አንድ ዘፈኖችና እነዚህን ዘጠኙን አንድ ሳምንት እያፈራረቅሁ ሰማሁ። የአዲሶቹ ደራሲ "ልቤ" የሚለውን ቃል አሥራ አራት ጊዜ ይጠራል። የድሮዎቹ ደራሲ አንድ ጊዜም አልጠራውም። "ማዶ" ሁለተኛው ስንኝ ላይ አንድ ድምፅ ይጎድላል፤ ሊዩበን ሁልጊዜ ትንፋሽ እየሳበ ይሞላው ነበር። በቋንቋችን ሴት "ስጠብቅ ኖርኩ" ስትል ቃሏ ከወንዱ በአንድ ድምፅ እንደሚረዝም ሁላችንም እናውቃለን። ስንኙን በሴት አንደበት አድርጋችሁ ዝፈኑት፤ ልክ ይመጣል። ማንንም አልከስም። የምጠይቀው ይህቺ ሴት የት አለች? ብዬ ነው።»

ማግዳ መነጽሯን አውልቃ አየችው። «ማን ናት?» አለችው።

«የሃያሲ ቅዠት ነው» አላት። ሻዩን ግን ሳይጨርስ ተነሳ። እሷም አየች፣ ሳህኑን አነሳሳች።

ከሰዓት በፊት ስልኩ ጮኸ። አሰን ራሱ ነበር። በትሕትና ይቅርታ ጠይቆ፣ ቅዳሜ ወደ ሩሴ እንደሚመጣና ፈቃዱ ከሆነ ቤቱ መጥቶ ሊያነጋግረው እንደሚፈልግ ነገረው። ራዶስቲን እምቢ ብል ያው ማመን ይሆንብኛል ብሎ እሺ አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፈው እሱም አያውቅም። የደረጃው ኮቴ ሁሉ ወደ እሱ የሚመጣ ይመስለዋል። የከተማው አደባባይ ላይ በስሙ የተተከለውን የነሐስ ሰሌዳ ላለማየት መንገድ ይቀይራል። ገበያ ሄዶ ቲማቲም ሲመርጥ ሻጯ «ማዶ»ን እያንጎራጎረች ነበር፤ ቲማቲሙን ጥሎ ወጣ።

አርብ ጠዋት ለማግዳ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ ብሎ የቱትራካንን አውቶቡስ ተሳፈረ። እውነቱን ለመናገር የሄደው ይቅርታ ሊጠይቅ አልነበረም። ዝም እንድትል ሊለምናት ነበር። መንገዱን ሙሉ የሚላትን ሲደረድር፣ ሲያፈርስ፣ ከወንዙ የሚነሳው ጭጋግ መስታወቱን ሸፍኖት የት እንደደረሰ እንኳ አላየም።

ቤቷን የጠየቀው ሁሉ ያውቀዋል፤ ግማሹ ከተማ ተማሪዋ ነበር። ኔቬናን ግቢዋ ውስጥ ለክረምት የሚቀመጥ ቃሪያ እየጠበሰች አገኛት። ጸጉሯ ነጭ ሆኗል፣ ጣቶቿ በተቃጠለ ልጣጭ ጠቁረዋል። ቀና ብላ አየችውና ወዲያው አወቀችው።

«አረጀህ፣ ራዶ» አለችው። «ተቀመጥ፤ ይህ ያርርብኛል።»

ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። የደረደረው ሁሉ ጠፋበት። አሰን ስለጻፈው፣ ቅዳሜ ስለመምጣቱ፣ ስለ ማግዳ፣ ስለ ዕድሜው ተንተባተበ። ገንዘብም ሌላም የምትፈልገው ካለ አደርጋለሁ፣ ብቻ ማንም ቢጠይቅሽ አላውቅም በይ አላት። ሲናገር የገዛ ድምፁን ሰማው፤ የሚለምን ልጅ ድምፅ ነበር።

ኔቬና ቃሪያውን አንድ በአንድ እየገለበጠች እስኪጨርስ ጠበቀች።

«ሠላሳ ሦስት ዓመት ዝም ብያለሁ» አለች። «ዝም በይ ለማለት ይህን ሁሉ መንገድ መምጣት አልነበረብህም። ማንስ ጠየቀኝ?»

«እሱ ይጠይቅሻል። አሰን ብልህ ነው።»

«ልንገርህ አንድ ነገር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ትምህርት ቤታችን በዓል ነበረ። ልጆቹን "ማዶ"ን ላስጠናቸው ቆሜ፣ እኔ ሳላስበው በሴት አንደበት ዘፈንኩት። እንደጻፍኩት። ርዕሰ መምህሩ አስቆመኝ። ልጆቹ ፊት፣ "መምህርት፣ የሰው ግጥም አያበላሹ፤ ደራሲው እንደጻፈው ያስጠኑ" አለኝ።» ቃሪያውን ወደ ሳፋው ገለበጠችው። «እኔም እሺ ብዬ አንተ እንዳደረግኸው አስጠናኋቸው።»

ራዶስቲን ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አንድ ነገር እንድትለው፣ እንድትሰድበው ይጠብቅ ነበር። ቢሰደብ ይቀለው ነበር።

«አልበምህን ሰማሁት» አለች። «ስምንቱ እንደ ነገሩ ነው። የአውቶቡስ ማቆሚያው ግን ጥሩ ነው። እኔ እንደዚያ መጻፍ አልችልም፤ እንዲህ ሜዳ ላይ የተሰጣ ነገር አይመጣልኝም። ያንን ስሰማ ተናደድኩብህ።»

«ለምን?»

«ያለ እኔ መጻፍ ትችል ነበር እንዴ? ታዲያ የእኔን ለምን ያዝከው?»

ሊሄድ ሲነሳ በሩ ድረስ ሸኘችው፤ የጠቆረ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ አሰን ቢጠይቃት እንደማትዋሽ፣ ሳይጠይቃት ደግሞ ደውላ እንደማትነግረው ነገረችው። ሌላውን አንተ ታውቃለህ አለችው። ይቅር ብዬሃለሁም አላለችውም።

በመልሱ መንገድ ፍርሃቱ አልቀነሰም። ይልቅ ባሰበት፤ እስከዚያ ድረስ የሚፈራው ሰው እንዳያውቅበት ነበር፣ አሁን ደግሞ መናገር እንዳለበት ያውቃል። ቤቱ ሲገባ ማግዳ ሐኪሙ ምን አለ ብላ አልጠየቀችውም።

ቅዳሜ በአራት ሰዓት አሰን መጣ። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ጫማውን በር ላይ ማውለቅ አለብኝ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ማግዳ ራኪያ የሚባለውን የፍራፍሬ አረቄ በትንንሽ ብርጭቆ አቀረበችና ልትወጣ ስትል ራዶስቲን እጇን ያዛት። «አንቺም ስሚ» አላት።

አሰን ድምፅ መቅጃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «እኔ የጻፍኩት ግምት ነው። ተሳስተሃል ቢሉኝ ተሳስቻለሁ ብዬ ለማተም ዝግጁ ነኝ» አለ።

ይህ የመጨረሻው በር ነበር፤ ወለል ብሎ ተከፍቶለታል። ራዶስቲን በሩን አየው። ብርጭቆውን ገፋ አድርጎ አስቀመጠው።

«ኔቬና ትባላለች» አለ። «አሥራ አንዱም የእሷ ናቸው።»

ከዚያ በኋላ ያለው እየተቆራረጠ፣ እየተመላለሰ ወጣ። የተቃጠለውን ደብዳቤ ሲነግራቸው ማግዳ እጇን ከእጁ አወጣች። ሲጨርስ አሰን መቅጃውን አጠፋና ራኪያውን ሳይነካ ተሰናበታቸው።

ጽሑፉ ሰኞ ወጣ። እስከ ማክሰኞ ድረስ ያልሰማ ሰው አልነበረም። ከታሰቡት ሦስት ኮንሰርቶች ሁለቱ ተሰረዙ፤ የነሐሱን ሰሌዳ አንድ ሰው በቀለም ለቀለቀው፣ ከተማውም ወዲያው አነሳው። ሲዲውን ያመሰገነው ያ የሶፊያ ጋዜጣ «ተኩላው የሰው ሥጋ ነበር የሚበላው» ብሎ ጻፈ። ጋጋሪው ባኒጻውን እንደ ወትሮው ሸጠለት፣ ግን አይዞህም አላለው፣ ስሙንም አልጠራው። ማግዳ እህቷ ቤት አሥር ቀን ቆይታ ተመለሰች። ስትመለስ የጠየቀችው፣ ሌላ የደበቅኸኝ ነገር አለ ወይ ብቻ ነው። የለም አላት። አምናው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችውም።

ዘፈኖቹ በኔቬና ስም ተመዘገቡ። በሬዲዮ ቀርባ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች፤ ስለ ራዶስቲን ሲጠይቋት ስለ እሱ እሱን ጠይቁት አለች። «ማዶ»ን በሴት አንደበት አድርጋ ፒያኖ እየመታች ዘፈነችው፤ ራዶስቲን አፍሮ ከተሸሸገበት ወጥ ቤት ሆኖ ሰማት።

የሩሴው ኮንሰርት አልተሰረዘም። የአዳራሹ ኃላፊ ውል ውል ነው ብሎ ነበር። በዕለቱ ራዶስቲን ጊታሩን ይዞ ሲወጣ አራት መቶ ወንበር ባለው አዳራሽ ውስጥ ዘጠና የሚሆን ሰው ነበር። ከኋላ አንድ ሰው «ሌባ» አለው፤ ጮኾ አይደለም፣ እንደሚያውቀው ሰው ስሙን እንደሚጠራ። ራዶስቲን ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስተካከለ።

«ልክ ነህ» አለ። «ዛሬ የምዘፍነው ግን የእኔ ነው፤ መጥፎውም የእኔ ነው።»

ጥቂት ሰዎች ተነስተው ወጡ። እሱ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀመረ። የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ድምፁ ተሰበረ፣ አቆመ፣ እንደገና ከሥር ጀመረው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ማግዳ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተቀምጣለች። አላጨበጨበችም፤ ግን አልወጣችም።