እንዳያነሳው የተቀጠረ

ሽመክት ለወር የጠየቀው ክፍያ የአንድ ሙክት ዋጋ ነበር። ሙክት መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ስንት እንደሚያወጣ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ሸዋረጋ የቀሯት ሙክቶች ጥቂት ነበሩ፤ እነሱም ያሉት ራቤል በምትባለው ከተማ፣ የባሏ ወንድም ቅጣው ዘንድ ነው። አንዱን ለመሸጥ ቅጣውን ማስፈቀድ፣ ቅጣውን ለማስፈቀድ ደግሞ የቅጣውን ንግግር እስከ መጨረሻው መስማት ያስፈልጋል። ሰባት ጊዜ ሙክት ከመሸጥ አንድ ጊዜ ቅጣውን መስማት ይከብዳል።

ባሏን ይታየውን መሐል ሜዳ ላይ የማያውቀው የለም። ዕድሜውን ሁሉ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ፣ ትከሻው ከመቀመጫው የሚተርፍ፣ ድምፁ ከክላክስ የሚበልጥ ሰው ነበር። ረዳት እያለው ተሳፋሪ የሚጠራው እሱ ራሱ ነው። ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ጎማ ሊያይ ጎንበስ እንዳለ እዚያው ቀረ። ጎረቤት መጋኛ መታው አለ፤ የደብረ ብርሃኑ ሐኪም ደም ግፊት ያመጣው ስትሮክ ነው አለ። ግራ እጁና ግራ እግሩ አልታዘዝ አሉት፤ አፉም ወደ አንድ ጎን ሄደ። መናገርስ ይችላል። ግን ቃሉ ከለሃጩ ጋር ተደባልቆ ሲወጣ አንድ ጊዜ ራሱን ሰማና ከዚያ ወዲያ አፉን ዘጋ። ያ ሁሉ ድምፅ የነበረው ሰው በዓይኑ ብቻ የሚናገር ሆነ። ሸዋረጋም የባሌን ዓይን ማንበብ ተምሬያለሁ ብላ አመነች።

ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው ነገሩን አላድበሰበሰም። «መድኃኒቱ ሕመሙ እንዳይደገም ነው» አላት። «እግሩን የሚመልስለት እንቅስቃሴ ነው። እሱም በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ይቀራል።»

የቀረው ይቀራል። ይህች ቃል ሸዋረጋን ተከትላ መሐል ሜዳ ድረስ መጣች፤ ቢሮ ስትገባ አብራት ገባች፤ ስትተኛ አብራት ተኛች። ፊዚዮቴራፒ ያለው ደብረ ብርሃን ነው። ያን የሚያህል ሰውዬ ተሸክሞ፣ ያውም መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን፣ በየሳምንቱ መመላለስ በወረዳ ሠራተኛ ደሞዝ የሚሞከር አልነበረም።

ስለ ሽመክት የነገረቻት የቢሮ ባልደረባዋ ሰናይት ናት። በስፖርት ትምህርት ተመርቆ ሥራ ያጣ ልጅ ነው፤ ከገበያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ የቀለም ቆርቆሮ በሲሚንቶ ሞልቶ፣ በብረት ዘንግ እየገጠመ ለከተማው ወጣት ጡንቻ የሚያወጣ። ሸዋረጋ ጠርታ ስታነጋግረው ደብረ ብርሃን ያለው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋ ደውሎ፣ ምን ምን እንደሚሠራ በቪዲዮ አስልኮ፣ አጥንቶ መጣ። ይህ ትጋቱ ደስ አላት። ዋጋውን ሲነግራት ደስታዋ ወደ ግማሽ ወረደ።

በዚህ ዋጋ ላይ የቤተሰብ ጉባኤ ተቀመጠ። ልጃቸውን ሊያስታምሙ ከራቤል መጥተው የከረሙት አማቷ ወይዘሮ ዘነበወርቅ መጀመሪያ ተናገሩ።

«አሰልጣኝ ለወታደር ነው ልጄ። የኔ ልጅ የት ሊዘምት ነው?»

ቅጣው ቀጠለ። «እንቅስቃሴ ከሆነ እኔ አላንቀሳቅሰውም? ይኸው እጁ፣ ይኸው እግሩ! ይህን ማንሳትና ማውረድ ነው ሙክት የሚያስከፍለው? በዚህ ዋጋ ጸበል ሄዶ ሱባዔ ይገባበታል።»

«ጸበሉንም አንተውም ቅጣው» አለች ሸዋረጋ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ። አንድ ወር እንሞክረው።»

ቅጣው ሙክቱን ሸጦ ብሩን ሲሰጣት ልጁን የዳረ አባት ያህል አዝኖ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። መንዝ ውስጥ የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም። ጠያቂ በጠዋት ይመጣል፤ ቆሎ ይዞ፣ እንቁላል ይዞ፣ ባይኖረው ምርቃት ይዞ ይመጣል። በሽተኛው ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ለብሶ መሐል ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው ይከበዋል። ይታየው እግሩን ሊያንቀሳቅስ ሲያስብ አራት እጅ እግሩን ያነሳለታል። ማንኪያውን ሊያይ ሲል ማንኪያው አፉ ውስጥ ነው። ዞር ልበል ቢል አንዱ ከኋላ፣ አንዱ ከፊት ሆኖ ያዞረዋል። «አይዞህ፣ አትድከም፣ እኛ አለንልህ» ይሉታል። ከልባቸው ነው። አንድም የውሸት እጅ አልነበረባቸውም፤ ነገሩን የከፋ ያደረገውም ይኸው ነው።

ሽመክት በዚህ መሐል ገባ። የመጀመሪያው ቀን ቤቱ በጠያቂ ሞልቶ ነበር። ሰላም ብሎ፣ ይታየውን መሬት ላይ በተነጠፈው አጎዛ ላይ አስቀመጠውና ከፊቱ አንድ የእንጨት ዱካ አኖረ።

«ጋሼ ይታየው፣ በደኅናው እጅዎ ዱካውን ይያዙ። መጀመሪያ በጉልበትዎ ይቁሙ። ከዚያ ይነሳሉ።»

ይህን ብሎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደና እጁን አጣምሮ ቆመ። ቆመ ማለት በቃ ቆመ ነው። ይታየው ዱካውን ያዘ፤ ፊቱ ቀላ፤ ደም ሥሩ ግንባሩ ላይ ወጣ፤ ጉልበቱ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ በክርኑ ወደቀ።

«ወይኔ ልጄን!» አሉ ወይዘሮ ዘነበወርቅ። ጠያቂው ሁሉ ብድግ አለ፤ ይታየውን ከአራት አቅጣጫ አፈፍ አድርጎ አልጋው ላይ አወጣው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ዞሮ ሽመክትን ተመለከተ። አንድ ሽማግሌ «ሰው ወድቆ እያየህ እጅህን ታጣምራለህ?» አሉት። ልጁ አጎዛውን አስተካክሎ «ከነገ ወዲያ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ።

ለጠያቂዎቹ ይቅርታ የጠየቀችው ሸዋረጋ ነበረች። ከፍላ ያመጣችው እሷ ስለሆነች እንግዲህ ሐሜቱም የሷ ነው። የሚሉሽን በሰማሽ፣ ገበያ ባልወጣሽ እንደተባለው ሆነ። በሳምንቱ መጨረሻ መሐል ሜዳ ላይ፣ ሸዋረጋ ባሏን መሬት ላይ የሚጥልላት ጎረምሳ ቀጠረች ተብሎ ሲወራ ሰማች።

ቢሆንም አልተወችውም። ሽመክት ይመጣል፤ ይታየው ይታገላል፤ ይወድቃል፤ ደግሞ ይታገላል። ልጁ እንደወጣ ግን ቤቱ ወደ ልማዱ ይመለሳል፤ እጁም እግሩም በሰው እጅና እግር ይተካል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ። አንድ ቀን ሽመክት ሲወጣ በር ላይ ቆም አለ።

«እትዬ ሸዋረጋ፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልንገርዎት። እኔ እዚህ የምቆየው አንድ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ጋሼን መልሳችሁ ሕፃን ታደርጓቸዋላችሁ።»

«ታዲያ ምን እናድርግ? ሲወድቅ ዝም ብለን እንየው?»

«አዎ። ራሳቸውን እንዳይመቱ ብቻ እየጠበቁ ዝም ብለው ይዩዋቸው።» ትንሽ አመነታና ጨመረ፤ «እርስዎ የሚከፍሉኝ እንዳነሳቸው አይደለም። እንዳላነሳቸው ነው። ይህን እርስዎ ቢችሉበት እኔ አላስፈልግም፤ ሙክቱም ይተርፍ ነበር።»

ሸዋረጋ ሌላ ቢናገራት ትቆጣ ነበር። ይህ ግን ገባት። ሰው ለሥራ ይከፈለዋል፤ ላለመሥራት የሚከፈለው ሲገጥማት የመጀመሪያዋ ነው፤ ያም ሆኖ እውነቱን እንደሆነ አወቀች። በማግሥቱ አማቷ ቤተ ክርስቲያን እንደሄዱ ሾርባውን ከይታየው ፊት አስቀምጣ፣ ማንኪያውን በታመመው ግራ እጁ አስያዘችውና እጆቿን ከጭኗ ሥር ከታ ተቀመጠች። ማንኪያው ተንቀጠቀጠ። ሾርባው ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ደገመው፤ ደግሞ ፈሰሰ። አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም እንኳ አልቆየችም። አንጀቷ አልችል አለ፤ ማንኪያውን ቀምታ እያለቀሰች አጎረሰችው። እሱም ጎረሰ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ይታየው ዱካውን ይዞ በጉልበቱ ቆመ። በሚቀጥለው ቀን ግድግዳውን ተደግፎ፣ ለትንፋሽ ያህል፣ በሁለት እግሩ ቆመ። ሽመክት «በርቱ ጋሼ!» ብሎ ጮኸ። ከይታየው ዓይን እንባ ወረደ፤ በተጣመመው አፉ በኩል ዞሮ አገጩ ላይ ተንጠባጠበ።

«አስለቀሰው!» አሉ ወይዘሮ ዘነበወርቅ። «ገንዘብ ከፍለን ልጄን አስለቀስነው! ኧረ ለእመቤቴ ብለሽ ሸዋዬ፣ ይብቃው!»

ሸዋረጋ የባሏን ዓይን አየች። ዓይኑ እሷ ላይ ተተክሎ ነበር። አስወጪልኝ ይላል ብላ አነበበችው።

ሌላ ሙክት ይሸጥ ወይስ ይቅር? ቢሮ ስትገባ ሰናይትን ጠየቀቻት። ሰናይት ራሷ ያመጣችውን ነገር ራሷ ጣለችው። «እህቴ አዲስ አበባ ቦርጭ ላጥፋ ብላ ለአሰልጣኝ ስትከፍል ዓመት ሆናት» አለች። «ገንዘቡ ጠፋ፤ ቦርጩ ግን አለ።» ሸዋረጋ የንስሐ አባቷን ጠየቀች፤ ጸበሉን እንዳትተው ነገሯት። ቅጣውን በስልክ ጠየቀች፤ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ይዛ እስኪጨርስ ጠበቀች። ሐኪሙ የተናገረው ወራት ደግሞ ሰው እስኪመካከር አይጠብቅም፤ የካቲት አልቆ መጋቢት ገብቷል። ግራ ገባት። ስትከፍል ገንዘብ የምታቃጥል መሰላት፤ ስትተው ባሏን የምትቀብር መሰላት። በመጨረሻ ያንን እንባ አስታወሰችና ሽመክትን በር ላይ አቆመችው።

«በቃን መሰለኝ ወንድሜ። አቅሜ ይኸው ነው።»

ሽመክት አልተከራከረም። «ደብረ ብርሃን አንድ ጂም ሥራ ሰጥቶኛል» አለ። «የጋሼ ነገር ይዞኝ እስከ ፋሲካ ልቆይ ብዬ ነበር። እንግዲህ ሰኞ እሄዳለሁ።»

ሸዋረጋ ልቧ ድንግጥ አለ። ቆይ ልትለው አፏን ከፈተች፤ በምን አፏ? «እንጀራህን አትጣ» አለችው። ወዲያው ደረቷ ቀለል አላት፤ ስለቀለላትም አፈረች።

ልጁ ይታየውን ሊሰናበት ገባ። ይታየው በደኅናው እጁ የልጁን እጅ ያዘና አልለቅም አለ። ሽመክት ቀስ ብሎ ጣቶቹን እያላቀቀ እጁን አወጣ። ሸዋረጋ ከበሩ ሆና አይታ «የኔ ደግ፣ ቂም አያውቅም» ብላ ለአማቷ ነገረች።

እሑድ ነው። ሽመክት ከሄደ ሳምንት አልፏል። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ቅዳሴ ሄደዋል፤ ሸዋረጋ ደጅ ገብስ ታሰጣለች። ከቤት ውስጥ አንድ ነገር መሬት ሲጎተት ሰማች፤ ቀጥሎ ከባድ ነገር ሲያርፍ። ሰፌዱን ጥላ ሮጠች።

ይታየው ከአልጋው ወርዶ መሬት ላይ ነበር። ባናው አንድ ወገን ወድቋል። ቀኝ ጉልበቱ ከሥሩ ነው፤ ቀኝ እጁ ዱካው ላይ ነው፤ ፊቱ በላብ ርሷል። ወደቀ! ከዚህ ሌላ ሐሳብ አልመጣላትም። «ወይኔ ጉዴ!» አለች፤ በብብቱ ሥር ገብታ፣ ከየት እንደመጣላት በማታውቀው ጉልበት፣ ያንን ግዙፍ ሰውዬ በአንድ ጊዜ ብድግ አደረገችው።

«ተይኝ» አለ ይታየው።

ከኅዳር ወዲህ ድምፁን አልሰማችም። አጥንቱን ሰበርኩበት እንዴ ብላ ፊቱን አየች። አፉ ተጣሞ፣ ለሃጩ እየወረደ፣ ቃሉን በግድ እየጎተተ ጨረሰው።

«ተይኝ... ልነሳ ነበር።»

የባሏ ክብደት ሁሉ ሸዋረጋ አንገቷ ላይ ነው። ያን ቀን ያነባውን እንባ በሐሳቧ አየችው፤ የልጁን እጅ አልለቅም ያለበትን እጅ አየችው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ዓይኑን ስታነብ የራሷን ፍርሃት ስታነብ እንደነበረ አሁን ገባት። ሽመክት ግን ደብረ ብርሃን ነው። ልልቀቀው ብትል ግራ እግሩ እየተብረከረከ ነው፤ ይሰበራል። ልያዘው ብትል ተይኝ ብሏታል።

«መልሼ ላስቀምጥህ?» አለችው፤ ሞኝነቷ ለራሷም ተሰማት። «ይታየው፣ ላስቀምጥህና እንደገና ትነሳለህ? አልነካህም። በእመቤቴ አልነካህም።»

ከዱካው ጋር ሲታገል የነበረው ጉልበት አልቆ፣ ሰውነቱ እየላላ ወደሷ መጣ።

በሩ ተንኳኳና ሴቶቹ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገቡ። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ምራታቸው ልጃቸውን ታቅፋ ቆማ ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ተባረኪ ልጄ! እጅሽን ቁርጥማት አይንካው! እንዲህ ነው እንጂ ሚስት!»

ሸዋረጋ ተዉት ልትል ፈለገች። ሴቶቹ ግን ደርሰዋል፤ አንዷ እግሩን፣ አንዷ ወገቡን፣ አማቷ ራሱን ያዙ። «አይዞህ፣ አለንልህ» እያሉ አልጋው ላይ አወጡት፤ ባናውን እስከ አገጩ ሸፈኑለት፤ ዱካውንም ደግሞ እንዳያደናቅፈው ብለው ወደ ጓዳ ወሰዱት። ይታየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ እጁንና እግሩን ዳበሱና አማተቡ።

«ተመስገን» አሉ። «ምንም አልተሰበረም።»