የከድጄ እጅ

ከድጄን ያሰራት የገዛ አፏ ነው። የቀኛዝማች ሸዋንግዛው የቆርቆሮ አጥርም፣ በረኛው አለሙም፣ ከመዝጊያው የማይለየው ቁልፍም ኋላ የመጡ ናቸው። ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ለዚህም ነው ለማንም አቤት ማለት ያቃታት።

ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ባለ የመስቃን መንደር የአበባ ውሃ እየሠራች የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ጤዛው ሳይረግፍ ትወጣና ነጩን የቀጋ አበባ ትቀጥፋለች። በሸክላ ጣባ የምንጭ ውሃ ሞልታ አበባውን ትበትንበታለች፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ታስቀምጠዋለች። ጥላ ካረፈበት ይበላሻል ስለምትል የራሷ ጥላ እንኳ እንዳይነካው ራቅ ብላ ነው የምትጠብቀው። አበባው ሲጠወልግ ውሃውን በነጠላ ጫፍ ታጠልለዋለች፣ ማር ጠብ ታደርግበታለች፣ ከክሊኒክ በተጣለ የፔኒሲሊን ብልቃጥ ትሞላዋለች። ክርስቲያን ገዢዎቿ «እኛ አገር እንዲህ ያለውን የሚያቆየው አረቄ ነው» ሲሏት፣ «ቤታችሁ ገብታችሁ የፈለጋችሁትን ጨምሩበት፣ እኔ አላየሁም» ትላቸዋለች። የቀጋው ለደነገጠ ሰው፣ የጦስኙ ሐዘን ለጠናበት፣ የጽጌረዳው እንቅልፍ ለራቀው ነው። ጠጥተው ተሻለን የሚሉ ብዙ ነበሩ።

የሚሸጥ ነገር ደግሞ ኮራጅ አያጣም። የገበያ ሴቶች አበባ መንከር ምን ጥበብ አለው ብለው እየነከሩ ይሸጡ ጀመር። ይኼኔ ነው ከድጄ በገበያ መሀል ወገቧን ይዛ ያቺን ቃል የተናገረችው።

«ንከሩ፣ ማን ከለከላችሁ! ከእጄ ካልወጣ ግን ውሃ ብቻ ነው። አክስቴ ሊሞቱ ሲሉ የመድኃኒት እጃቸውን የሰጡት ለኔ ነው። እጅ ደግሞ ከሁለት ሰው ዘንድ አይሆንም፤ የሰጠ ባዶውን ይቀራል!»

አክስቷ መዳፏ ላይ እንትፍ ብለው መመረቃቸው እውነት ነው። የቀረውን ገበያዋ እንዳይወሰድባት የጨመረችው እሷ ናት። ግን ሰው አንዱን ነገር ዓመት ከዓመት ሲደጋግመው ራሱም ያምነዋል። ከድጄ አመነችው፣ ቡታጅራም አመነላት።

ወሬው ቀኛዝማች ሸዋንግዛው ዘንድ ደረሰ። ቀኛዝማች ከሰሜን መጥተው የከተሙ ባለመሬት ናቸው፤ የከድጄ ወንድም ከማሉ የሚያርሰው መሬት የሳቸው ነው። በስተርጅና ከመንዝ ያመጧት ሚስታቸው እሌኒ እንቅልፍ አጥታ፣ እህል አስጠልቷት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውል ነበር። «ለጥቂት ቀን እህትህን አምጣልኝ» ብለው ከማሉን ላኩት። ባለመሬት ሲያዝ ጢሰኛ ምን ይላል? ይዟት መጣ።

ከድጄ የእሌኒን ዓይን እንዳየች በሽታው ገባት። ልጅቷ በዚያ ግቢ ከገባች ወዲህ የምትወጣው ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ብቻ ነው፤ ያውም አለሙ ከኋላዋ ጃንጥላ ይዞ እየተከተላት። ቀኛዝማች «ፀሐይ አይስማማትም» ይሉ ነበር። ፀሐይ የማይስማማው ሰው የት አገር እንዳለ እንጃ። ቀናተኛ ሽማግሌ ሁሉ እንዲህ ያለ ሰበብ አያጣም።

ከድጄ ደፈር ብላ፣ «ጌታዬ፣ እሜቴ መንገድ ቢያዩ፣ ከሰው ቢጫወቱ ይሻላቸው ነበር» አለች።

«መድኃኒት እንጂ ምክር አልጠየቅሁሽም» አሏት።

እንግዲያው መድኃኒቱን ሠራች። የጽጌረዳውን ውሃ በማንኪያ እያደረገች በእጇ አጠጣቻት፤ አጠገቧ ቁጭ ብላ ስለ መንደሯ፣ ስለ እንሰቷ፣ ስለ ልጇ ስለ አሚኔ አጫወተቻት። እሌኒ ተኛች። አበባው ይሁን ጨዋታው ያስተኛት፣ አላህ ያውቃል። ከድጄ ደስ ብሏት ነጠላዋን አጣፍታ ልትሰናበት ቀረበች።

«ወዴት?» አሉ ቀኛዝማች።

«ተሽሏቸዋል እኮ፣ ጌታዬ። ብልቃጡን ትቼላቸዋለሁ፤ የቤት ሴቶች ይስጧቸው።»

«ከእጄ ካልወጣ ውሃ ብቻ ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽም? ገበያው የሰማውን እኔ የማልሰማ መሰለሽ?»

ውሸቴን ነው ብትል ስሟ ጠፋ፣ እንጀራዋም አብሮ። እውነቴን ነው ብትል በሩ ተዘጋ። ዝም አለች፤ ዝም በማለቷም በሩ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲያ መውጫው ከየትም አልተገኘም። እሌኒ ደህና ስትሆን «ባንቺ እጅ ነው ደህና የሆነችው፣ ከሄድሽ ይነሳባታል» ይባላል። ሲብስባት ደግሞ «ገና አልዳነችም፣ ምን ያስኬድሻል?» ይባላል። ቢያንስ አበባ ልትቀጥፍ ስትወጣ ሜዳ ታይ ነበር። ቀኛዝማች እሱንም አሰቡበት። ሰው አዘው የቀጋውን ቁጥቋጦ ከነሥሩ አስነቀሉና በአጥሩ ዙሪያ በውስጥ በኩል አስተከሉት። «ይኸው፣ አበባው ራሱ መጣልሽ፤ ምን ያደክምሻል?» አሏት፤ ውለታ የዋሉላት መስሏቸዋል። ከድጄ እሾሁን እያየች አለቀሰች። አጥሩ አንድ ነበር፤ አሁን ሁለት ሆነ።

አንድ ቀን ከማሉ በሩ ላይ መጣ። አለሙ አላስገባ ስላለው በቆርቆሮው ቀዳዳ በኩል ነበር ያነጋገራት።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እህቴ። አሚኔ ከስልጤ ከባሏ ቤት መጥታለች። የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ እናቴ ቤት ነው የምወልደው ብላ። ቀኗ ደርሷል። የት ነሽ እያለች ነው።»

ልጅ ለመጀመሪያ ወሊዷ እናቷ ቤት መጥታ እናቷን ካጣች ይህ ምን ዓይነት እናትነት ነው? ከድጄ እየሮጠች ቀኛዝማች ፊት ቀረበች፤ እግራቸው ሥር ወደቀች።

«መውለድ በሽታ አይደለም» አሉ ራዲዮናቸውን እየነካኩ። «ሴት ሁሉ ይወልዳል። ከማሉም ጥሩ ጢሰኛ ነው፤ ከመሬቱ ባይነቀል ደስ ይለኛል።»

ተነስታ ሄደች። ጣባዋን በአፉ ደፋችውና አጠገቡ ተቀመጠች። ማንም ቢለምናት ውሃ አልሠራም አለች። የፈለጉትን ይሁኑ አለች በሆዷ፤ የገዛ ልጄ ስታምጥ የሰው ሚስት አላስተኛም። ቀኛዝማች «እናያለን ማን እንደሚያሸንፍ» አሉ። እሌኒ እንደገና እንቅልፍ አጣች። ግን አልተቆጣችም፤ ፊቷ ገርጥቶ፣ ጋቢ ተከናንባ፣ ከተደፋው ጣባ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች።

«እትዬ ከድጄ፣ ሰማሁ» አለች። «እኔ ምን ባደርግ ይለቁሻል?»

ከድጄ ቀና ብላ አየቻት። ሐሳቡ የመጣላት ያን ጊዜ ነው፤ ሲመጣላትም ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ያዟት።

«እጄን ቢወስዱልኝ፣ እሜቴ።»

«ምን ማለት ነው? ያማል?»

«ኧረ አያምም። መዳፍዎ ላይ እመርቃለሁ፣ አሠራሩን አሳያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ውሃው ከርስዎ እጅ ይሠራል። እኔ ባዶዬን እሄዳለሁ። ባዶ እጅ ይዞ ምን ያደርጋል፣ ይለቁኛል።»

«እንጀራሽስ?»

«ልጄስ?» አለች ከድጄ።

እሌኒ አላመነታችም። «ስጪኝ» ብላ ሁለት መዳፏን ዘረጋች። ልጅ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚመጣ አላሰበችውም። ከድጄ ግን አስባዋለች። መድኃኒት ያለበትን እጅ ቀኛዝማች ከበር እንደማያስወጡ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? ታውቃለች፣ አልተናገረችም። «አሚኔ፣ አሚኔ» አለች በሆዷ፤ ያንን ስም ባትጠራ ኖሮ ትናገር ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቀኛዝማች በረንዳ ላይ ቀረበች። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ በመንደሯ እንደሚባለው አድርጋ ተናገረች።

«ጌታዬ፣ እጅ ልሰጥ ነው።»

ቀኛዝማች ከወንበራቸው ተነሱ። ደስታቸው ልክ አጣ። «አለሙ! አለሙ፣ ሰማህ? እጅ ሰጠች! ድሮስ የት ልትደርስ ኖሯል!»

«ለእሜቴ ነው የምሰጠው፣ ጌታዬ።»

«ለእሷም ስጪ ለኔም ስጪ፣ ያው አንድ ቤት ነው!»

«ከሰጠሁ በኋላ ወደ ልጄ ልሂድ?»

«እጅ የሰጠማ ይማራል እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል? ሂጂ፣ ልጅሽን አይተሽ ትመለሻለሽ።»

ምን እንደተሰጠ የገባቸው ከድጄ ከሄደች በኋላ ነው። እሷና እሌኒ ቀጋውን ቀጥፈው፣ ጣባውን ሞልተው፣ ጥላቸውን እያሸሹ ፀሐይ ላይ አስቀመጡት። አበባው ሲጠወልግ ከድጄ በእሌኒ መዳፍ ላይ እንትፍ እንትፍ ብላ መረቀች። አለሙ ቁልፉን አዞረ። ከድጄ ወጥታ ወደኋላ አላየችም፤ አላይም ብላ ነው እንጂ ሳትፈልግ ቀርታ አይደለም።

ስትደርስ ልጁ ተወልዷል። ምጡ ክፉ ነበር አሉ። አሚኔ ደም ፈሷት፣ ሞትኩ ብላ ጮኻ፣ እናቴን ጥሩልኝ ስትል ነበር የተገላገለችው። ሕፃኑ ደህና ነው፤ እናቲቱ ግን ዓይኗን ገልጣ ትውላለች፣ ገልጣ ታድራለች፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ትበረግጋለች፣ ጡቷም ደርቋል። ከድጄ እያለቀሰች ሜዳ ወጣች፤ የቀረውን ቀጋ ፈልጋ ቀጠፈች፤ ነከረች፣ ጠበቀች፣ አጠለለች። በማንኪያ ይዛ ወደ ልጇ አፍ አቀረበች።

አሚኔ ቀመሰችና ፊቷን አዞረች። «እማ፣ ይሄ ውሃ ብቻ ነው።»

«ጠጪው፣ ልጄ።»

«እጅሽን ሰጥተሽ የለ? መንደሩ ሁሉ ያወራል። ለኔ ምን አስቀረሽልኝ?»

ወላሂ ውሸቴን ነው፣ እጅ የሚባል ነገር የለም፣ የገበያ ሴቶችን ለማባረር ያልኩት ነው ብላ ማለች። አሚኔ አላመነቻትም። ከድጄም ልታስክዳት የፈለገችውን እሷ ራሷ መካድ አልቻለችም። ሕፃኑ እየጮኸ ደረቁን ጡት ይጎትታል።

ቀኛዝማች ተመለሺ ብለው አላስጠሯትም። እሌኒ «በራሴ እጅ ይሠራልኛል፣ ተኝቻለሁ» እያለች ትነግራቸዋለች፤ ከድጄ እንዳትጠራ ብላ ነው። እሳቸውም ኮሩ። በጥቂት ቀን ውስጥ የትልልቅ ሰዎች ሚስቶች ሳይቀሩ «የእሜቴን ውሃ» ፍለጋ በራቸው ይቆሙ ጀመር። ዓይን እንዳይበላት ተብሎ ቤተ ክርስቲያን መሳሙም ቀረ። ቄሱ ከነመስቀላቸው ወደ ግቢው ይመጡላታል፤ ውሃው ብቻ በአጥሩ ቀዳዳ ይወጣል።

ከድጄ ዳግመኛ አላየውም ያለችው አጥር ዘንድ ሄዳ ቆመች። አለሙ አወቃት። አንገቱን ሰብሮ «በቀዳዳው ነው» አላት። ከድጄ ዝቅ ብላ ጠራች።

«እሜቴ፣ እኔ ነኝ። አሚኔ አልተኛችም። ወተቷ ደርቋል። የኔን አልጠጣም አለች።»

ከውስጥ የቀጋው ቅጠል ተንኮሻኮሸ። እሾህ የቧጨራት ቀጭን እጅ ብልቃጥ ይዛ በቀዳዳው ወጣች። ከድጄ ብልቃጡን ተቀበለች፤ እጇን ግን አልለቀቀቻትም። መዳፏ ቀዝቃዛ ነው። እንቅልፍ ያገኘ ሰው መዳፍ እንዳልሆነ በዳሰሳ ታውቃለች።

«አልተኙም፣ እሜቴ።»

«አልተኛሁም» አለች እሌኒ። «ለሱ አትንገሪብኝ። ሕፃኑ ምንድን ነው?»

«ወንድ ነው።»

«እሰይ።» አለች እሌኒ። «እትዬ ከድጄ፣ አንቺ እጅሽን ለኔ ሰጥተሽ ወጣሽ።»

«አዎ፣ እሜቴ።»

«እኔስ? እኔ ለማን ሰጥቼ ልውጣ?»

ከድጄ ወደ መንገዱ ዞር ብላ አየች። ልጇ ቤት ትጠብቃታለች። ብልቃጡን በጡቷ መሀል ሸጎጠች፤ ያቺን ቀዝቃዛ እጅ ሳመቻት፣ ለቀቀቻት። እጂቱ ግን ወዲያው አልገባችም፤ ከድጄ መንገዱን እስክትይዝ ድረስ ቀዳዳው ላይ ተዘርግታ ቆየች።