ከመርዶ በፊት የመጣ ቅቤ

ከቢቸና ሰው የፋንታን ሞት መጀመሪያ የሰማችው የእናቱ ጎረቤት አስናቀች ናት። የደወለላት አብዱልሐኪም ነው፤ ፋንታ ሞጣ ላይ ተቀጥሮ ይሠራለት የነበረው የእህል ነጋዴ። ልጁ ጆንያ ሲያወርድ ከመኪና ላይ ወድቆ እዚያው ቀረ። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር አስከሬኑን መላክ አልተቻለም፤ ነጋዴው ካህናት ለምኖ፣ ሣጥን ገዝቶ እዚያው አስቀበረው። “ለእናቱ በስልክ አልናገርም፣ ነውር ነው። እናንተ ታውቁበታላችሁ” አላትና ዘጋ።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተጠሩ። የገና በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። መርዶ ደግሞ በኛ አገር እንደ ወሬ አይነገርም፤ ቀን ይቆረጥለታል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ ተሂዶ ነው የሚነገረው። “ጾማቸውን ይፍቱ፤ አንድ በዓል ደስ ብሏቸው ይዋሉ። በማግስቱ እናረዳቸዋለን” ተባለ። አስናቀችም ተስማማች። ደግ የሠሩ መስሏቸዋል።

የፋንታ እናት እትዬ ይርጋነሽ ጥጥ ፈትለው የሚኖሩ ባልቴት ናቸው፤ በበዓል የሚያስታውሳቸው ብዙም አልነበረም። ዘንድሮ ግን የሰው ሁሉ እጅ ተፈታ። አንዱ ዶሮ ይዞ መጣ፣ አንዷ የጤፍ ዱቄት። አስናቀች ለጋ ቅቤ ወሰደች። የቅርጫ በሬ የገዙት ጎረቤቶች ደግሞ እሳቸው ሳያዋጡ አንድ መደብ ሥጋ ያዙላቸው። ዐይናቸውን ማየት ያቃተው ሁሉ እጃቸውን ሞላ። እንዲህ ያለውን ደግነት እኔ አልወደውም፤ ክፋት ነው እንዳልል ግን ሰጪው ሁሉ እንባውን እየጠረገ ነበር የሚመለሰው።

እሳቸው ተደስተው መረቁ። “ፋንታዬ ሲመጣ ቤቱን ሞልቶ ያገኘዋል” አሉ። ስልኩ ለምን እንደማይጠራ ሲጠይቁ፣ ኔትወርክ የለም ይባላሉ። ምስኪን ኔትወርክ፣ በዚህ አገር የማይሸከመው ውሸት የለም።

በዋዜማው ከሰዓት አስናቀች ትንሽ ማር ይዛ ብትገባ፣ እትዬ ይርጋነሽ የመጣላቸውን ሁሉ ፊታቸው ደርድረው ተቀምጠዋል።

“ነይ ተቀመጭ” አሏት። “የወለተ ገብርኤል ልጅ የሞተ ጊዜ፣ መርዶው ሳይነገራት መሰንበቷ ትዝ ይልሻል?”

“አዎ፣ እትዬ።”

“እኔ ያን ጊዜ ቅቤ ወሰድሁላት። ከዚያ በፊት ሰጥቻት አላውቅም። ፊቷን ማየት ፈርቼ ነው።”

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን ያወጣው ቅቤ ነው።

“እስቲ ቀና በይና እዪኝ። ልጄ አለ?”

አስናቀች ቀና ማለት አቃታት።

እትዬ ይርጋነሽ ቅቤውን ከፊታቸው ገፉት። “ማን ቀበረው?” አሉ።

“አብዱልሐኪም… ካህናት ጠርቶ፣ በወጉ።”

“እግዜር ይስጠው። ልጆቹን ያሳድግለት።” ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱና ያለ ድምፅ ተንቀጠቀጡ።

“እሪ ይበሉ እትዬ፣ ይውጣልዎ! ሰው ልጥራ” ብላ አስናቀች ስትነሣ ቀሚሷን ያዟት።

“ወዴት? ይኸን ሁሉ ጾም ጾመው፣ ልጆቹ ነገን ሲጠብቁ? አሁን እኔ ብጮህ የየቤቱ ድስት ይወርዳል። ሰዉ ካለው ላይ አምጥቶልኛል፤ እኔ የምሰጠው ምን አለኝ? በዓላቸውን ልስጣቸው። አደራሽን፣ ለማንም እንዳትተነፍሺ።”

በገና ዕለት ነጭ ለብሰው ወጡ። ቅርጫው የታረደበት ግቢ ከሰዉ ጋር ተቀምጠው በሉ፣ ልጆቹን እየሳሙ መረቁ። አንድ ሽማግሌ ሊያጽናናቸው ብሎ፣ “ፋንታም ለጥምቀት ይደርሳል” አላቸው።

“አሜን” አሉ።

አስናቀች የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። ሰዉ ግን እርስ በርሱ ይተያያል፤ “ተመስገን፣ ምንም አላወቁም” ይላል። እንዲያ የጠላችው በዓል የለም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ሕዝቡን አስከትለው ሄዱ። በሩ ክፍት ነበር። እትዬ ይርጋነሽ ጸጉራቸውን ተላጭተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አንጋፋው ሽማግሌ ያዘጋጁት ቃል ከአፋቸው ጠፋ።

እሳቸው ሰዉን አንድ በአንድ አዩት።

“ልጆቹ ጠገቡ?” አሉ። ከሰዉ መሃል አስናቀች ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

“እንግዲያው አሁን ልጄን አልቅሱልኝ።”