ከሙከራው በፊት የተጻፈ ምልከታ

የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ቁልፍ የሚኖረው በኬሚስትሪ መምህሩ የኮት ኪስ ውስጥ ነበር። በር ሲከፍት ያየው ተማሪ የለም። መምህሩ ሲያወራ ያንቃጭለዋል፣ ሲያስብ ጆሮውን ያክበታል፤ ቁልፉም ሌላ ሥራ እንዳለው የረሳ ይመስል ነበር።

ኮምጣጤ ይህን ቁልፍ አራት ሳምንት ለምናለች። ኮምጣጤ ያሏት የዶርም ጓደኞቿ ናቸው፤ ጠማማ ነገር ባየች ቁጥር ፊቷ ስለሚኮማተር። የአራተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ናት፤ መምህር ለመሆን የምትሠለጥን። ጠዋት ጠዋት በዩኒቨርሲቲው ትማራለች፣ ከሰዓት በኋላ እዚህ አሥረኛ ክፍል ታስተምራለች። የቀራት አንድ የሙከራ ትምህርት ብቻ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣ ገምጋሚ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሚያየው። ካለፈች ትመረቃለች። ከወደቀች ዓመቱን እንደገና ትጀምራለች።

«ጋሼ፣ ዕቃዎቹን አስቀድሜ ልሞክራቸው» ትለዋለች።

«ምን ልታደርጊያቸው? ተዘጋጅተዋል እኮ።»

«መምህሩ ሳይሞክር ተማሪ ፊት አይቀርብም። እንደዚያ ነው የተማርነው።»

«የተማራችሁትንማ እናውቀዋለን፤ እኛም ተምረነዋል።» ጆሮውን አከከ። «ልጄ፣ ያ ክፍል የእንግዳ ክፍል ነው። እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል፣ ሲሄድ ይዘጋል። ሳሎኗ ሶፋ ላይ ልጆች ሲዘሉ ደስ የሚላት እመቤት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆንማ ነገሩ በቀለለ። ጨዋታ ያውቃል፣ ተማሪ ሲታመም ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቃል፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በጠመኔ አቧራ ሲስል ኖሯል። ግን ኮምጣጤ መጀመሪያ ባየችበት ቀን ፊቷን ያኮማተረ አንድ ልማድ ነበረው። ሙከራን ያስጽፋል። ዓላማ፣ ዕቃዎች፣ አሠራር ይላል፤ እስከዚህ ደህና። ከዚያም በዚያው ትንፋሽ፣ «ምልከታ። ቀለም ያልነበረው ፈሳሽ ወደ ሮዝ ተለወጠ» ይላል። ሃምሳ ሁለት ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ያላዩትን ማየታቸውን ይጽፋሉ። አንድ እንኳ ቀና ብሎ «የቱ ፈሳሽ?» የሚል የለም።

«ለምን አስቀድመው ያስጽፏቸዋል?» ብላ ጠየቀችው።

«ጊዜ ይቆጥባል። ደግሞ ፈተናው የሚጠይቀው ቀለሙን ነው፤ ዓይናቸውን ማን ጠየቀ?»

ሰው ያላየውን አየሁ ብሎ ፍርድ ቤት ሲቆም ሐሰተኛ ምስክር ተብሎ ይታሰራል። ክፍል ውስጥ ሲሆን ጎበዝ ተማሪ ይባላል፤ ይሸለማል፤ ሲያድግም ሌሎችን ያስጽፋል።

ማታ ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ወሬ ስትሰማም እግሯ ከስፌት መኪናው ፔዳል አይወርድም።

«እና አንቺን ምን ጥልቅ አደረገሽ?» አለቻት።

«እማዬ፣ ልጆቹ እኮ መዋሸት ነው የሚማሩት። ነገርን ከሥሩ...»

«ሥሩን ስትቆፍሪ ጉድጓዱ ውስጥ የምትገቢው አንቺ ነሽ። አንቺ ሳትመጪም ፀሐይ ትወጣ ነበር። አርፈሽ ተመረቂ፤ በራስሽ ክፍል እንደፈለግሽ ትሆኛለሽ።»

«አንቺስ የተጣመመ እጅጌ ሰፍተሽ ለደንበኛ ትሰጫለሽ?»

መኪናው ቆመ። «እኔማ እተረትረዋለሁ» አለች እናቷ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ግን ደንበኛዋ በር ላይ ቆማ እያየችኝ አልተረትርም።»

ማክሰኞ፣ የሙከራ ትምህርቱ ቀን፣ ቁልፉ በሩ ውስጥ ገባ። መምህሩ ሁለት ጊዜ በትከሻው ገፋው፤ ሦስተኛው ላይ በሩ ተንሻፍፎ ተከፈተ፣ ሽታውም ቀድሟቸው ወጣ፦ የሻገተ እንጨት፣ የቀለጠ የጎማ ቱቦና የሆነ ቦታ የሞተ አይጥ። የእጅ መታጠቢያው ገንዳ ጥቁር ዝቃጭ አቁሯል። ከዚያ ቆሻሻ በላይ፣ ግድግዳውን ሙሉ፣ የሚያብረቀርቁ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ሰማያዊ አለ፣ ቢጫ አለ፣ የሻይ ቀለም ያለው አለ። መለያ ወረቀታቸው አዲስ፣ የእጅ ጽሑፉ የአንድ ሰው። ሁሉም እኩል አንገታቸው ድረስ ሞልተዋል።

ኮምጣጤን ይህ እኩልነት ጎረበጣት። የሚሠራበት ቤተ ሙከራ ጠርሙስ አንዱ ይጎድላል፣ አንዱ ይሞላል፣ አንዱ ክዳኑ ይጠፋል። ግን ለመሞከር ጊዜ አልነበረም፤ ልጆቹ እየተጋፉ ገቡ፣ ገምጋሚውም ከባድ ቦርሳውን እየጎተተ ከኋላቸው። በዚያ ቀን አምስት ትምህርት ቤት ያያል፤ ይሄ ሦስተኛው ነው። በሁለተኛ ዓመት የቤተ ሙከራ መምህሯ ነበር። ጥግ ይዞ ተቀመጠና ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

ትምህርቱ ቀላል ነበር። ቡሬት የሚባለውን ረጅም ባለ ቁጥር የመስታወት ቱቦ በቤዝ ትሞላለች፤ ከሥሩ አሲድ ያለበት ፍላስክ ታስቀምጣለች፤ አሲዱ ላይ ቤዝ ሲያገኝ ሮዝ የሚሆነውን ፌኖልፍታሊን ጠብ ታደርጋለች። ከዚያ ቤዙን ጠብታ በጠብታ ትለቃለች። አሲዱ ባለቀባት ጠብታ ፈሳሹ ሮዝ ይሆናል። ፌኖልፍታሊኑን ከዩኒቨርሲቲው ይዛ መጥታለች፤ ትናንት ሞክራዋለች፤ ደህና ነው። አሲዱንና ቤዙን ከመደርደሪያው አወረደች።

አሥር ሚሊ ሊትር ለቀቀች፤ ምንም የለም። ሃያ፣ ምንም። ሠላሳ። አርባ። ቡሬቱ እስከ መጨረሻው ቁጥር ወረደ፤ ፍላስኩ ውስጥ ያለው እንደ ጠዋት ዝናብ ንጹሕ ነበር። ከልምድ የተነሣ፣ ሳታስበው፣ ጥያቄው ከአፏ አመለጠ።

«ምን አያችሁ?»

«ሮዝ!» አለ ክፍሉ ባንድ ድምፅ።

ፍላስኩን ከፍ አድርጋ ይዛዋለች። የመስኮቱ ብርሃን በውስጡ ያልፋል፤ ከጀርባው ጣቶቿ አንድ በአንድ ይታያሉ። ሃምሳ ሁለት ልጅ፣ መቶ አራት ዓይን፣ ሮዝ! ከኋላ የገምጋሚው እስክሪብቶ ቅጹ ላይ ምልክት ሲያደርግ ሰማች። በር ላይ የቆመው መምህር በኩራት ራሱን ነቀነቀ። ዝም ብትል፣ «ጎበዞች!» ብላ ደብተር ዝጉ ብትል፣ አልቋል፤ አልፋለች።

ያኔ ከልጆቹ ይልቅ ራሷን ነበር የሰማችው። በሁለተኛ ዓመት ይህንኑ ሙከራ ሲሠሩ የቡድናቸው ቡሬት ቧንቧው ተሰብሮ ነበር። ማን ይጨነቃል? ከዶርም ወደ ዶርም፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚተላለፍ የተዘጋጀ ሪፖርት አለ፤ «ውርስ» ይሉታል። ውርሱ 23.4 ሚሊ ሊትር ይላል፤ እሷም 23.4 ብላ ገለበጠች፣ ዘጠና ስድስት አገኘች፣ ሌሊቱን እንቅልፏን ተኛች።

«ሮዝ ያየ ይምጣና ያሳየኝ» አለች።

የክፍሉ አለቃ፣ መነጽር ያደረገች ረጅም ልጅ፣ ተነሣች። «ቲቸር፣ ደብተራችን ላይ ሮዝ ነው የሚለው።»

«ደብተርሽን ተይው። እዚህስ?»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች። «እዚህማ... ውሃ ነው የሚመስለው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኮምጣጤ የቤዙን ጠርሙስ ከፍታ በቢከር ቀዳች፤ ሁለት ጠብታ ፌኖልፍታሊን ጨመረች። ቤዝ ቢሆን ደማቅ ሮዝ ይሆን ነበር። ምንም አልሆነም።

«ውሃ ነው» አለች። «አሲድ የተባለውም እንደዚሁ ሳይሆን አይቀርም። አርባ ደቂቃ ሙሉ ውሃ ወደ ውሃ ሳንጠባጥብ ነበር። ምልከታ የሚለውን ሰርዙ። ያያችሁትን ጻፉ።»

ማንም እስክሪብቶ አላነሳም። ዓይናቸው እሷን አልፎ በሩ ላይ ያለውን መምህር ነበር የሚያየው። የክፍሉ አለቃ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ማዘን ብላ፣ «ቲቸር፣ እርስዎ ሁለት ሳምንት ነው የቀረዎት» አለቻት። «ማርክ የሚሰጡን እሳቸው ናቸው።»

መጨረሻ ላይ አራት ወይም አምስት ልጆች ሰረዙ። በእርሳስ ነው የሰረዙት፤ ኋላ እንዲጠፋ።

ገምጋሚው ኮሪደር ላይ ጠበቃት። «ምን ነካሽ? አልቆልሽ እኮ ነበር።»

«ዶክተር፣ ውሃ ነው።»

«አይቻለሁ።»

«አይተው ነው ምልክት ያደረጉት?»

«ቅጹ የሚለው ‹ተማሪዎቹ ዓላማውን ጨብጠዋል ወይ› ነው። ጨብጠዋል፤ ሮዝ አሉ።» ሰዓቱን አየ። «አሁን ሃቀኛ ሆነሽ ልትቆጪኝ ነው? አርባ ሰው አንድ ላይ 23.4 ብሎ ሲያመጣልኝ የማላውቅ ይመስልሻል? የአንዱ ቡድን ቡሬት እንደተሰበረ እኮ አውቅ ነበር። ያኔ ዝም ስልሽ ከፍቶሽ ነበር?»

ፊቷ ጋለ። ልትዋሽ አልፈለገችም። «ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። «እሱ ነው የሚያስጠላኝ።»

«ታዲያ?»

«ይጣሉኝ። ምክንያቱንም ይጻፉ፤ ቤተ ሙከራው ውሃ ነው ብለው።»

ሳቀ፤ ሳቁ የድካም ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ብጥልሽ ምክንያት እጽፋለሁ። ምክንያት ከጻፍኩ ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው ስድስት ዓመት ሙሉ እዚህ ተማሪ እየላክኩ ምን ሳይ እንደነበር ይጠይቀኛል። ለአንቺ ጽድቅ ብዬ የእኔን ጣጣ ልጥራ?» ቅጹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሞላውና ፈረመበት። «ሲ ሰጥቼሻለሁ። ክፍል መቆጣጠር ላይ ትንሽ ድክመት አለብሽ። አልፈሻል።»

ወደ አራተኛው ትምህርት ቤት ሄደ።

ኮምጣጤ ወረቀቱን ይዛ ቆመች። ለማለፍ ስትዋትት ነበር፤ አለፈች። ለመውደቅ ወሰነች፤ መውደቅንም ከለከሏት። እውነት መናገሯ ምንም አላስከፈላት፤ ተሰምቶ እንደ ጉንፋን በመሐረብ ተጠቀለለ። ውሸቱ ምንኛ ጠንካራ ሆድ እንዳለው ያኔ ገባት፤ የሚጠላውን ሰው ሳያኝክ ይውጠዋል፣ ዲግሪም ይሰጠዋል።

«እንኳን ደስ ያለሽ!» መምህሩ በጠመኔ የነጣ እጁን ዘረጋላት። «ወጣት ነሽ፤ አልቀየምኩሽም። ይኸው በሰላም አለቀ።»

እጁን አልጨበጠችም። «ጋሼ፣ ቁልፉን ይስጡኝ። ዕቃውን ልጠበው።»

በዕቃ እጥበት የሚጠረጥር መምህር የለም፤ ሰጣት።

ከቦርሳዋ የሊትመስ ወረቀቶች አወጣች፤ አሲድ ሲነካቸው የሚቀሉ፣ ቤዝ ሲነካቸው ሰማያዊ የሚሆኑ ናቸው። ከመደርደሪያው ጥግ ጀመረች። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የተባለው፣ ወረቀቱ ዝም። ባልዲ ውስጥ ደፋችው። መዳብ ሰልፌት የተባለው የእስክሪብቶ ቀለም ሆኖ ተገኘ። የሻይ ቀለም ያለውን አሸተተችው፤ ሻይ ነበር፣ ላዩ ላይ ፀጉራም ሻጋታ ያበቀለ። አፏን በክንዷ ይዛ ደፋችው። ገንዳው ስለተደፈነ ባልዲውን እየተሸከመች ግቢ ታፈሳለች። ልጆች በመስኮት ተደራርበው ያያሉ።

አሥራ ስምንተኛው ላይ መምህሩ እያለከለከ ደረሰ።

«አብደሻል? ለቁጥጥር ሲመጡ ምን ላሳይ ነው?»

«ባዶ መሆኑን።»

«ባዶማ ስል ነበር!» ጮኸ። «ድሮ ባዶ ነው፣ አልቋል እያልኩ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ‹ሰነፍ ነህ፣ መደርደሪያህ ባዶ ነው› አሉኝ። ሞላሁት፤ አመሰገኑኝ! አሥራ አንድ ዓመት፣ እረፍት በመጣ ቁጥር፣ ሲተን እየጨመርኩ...» ቃሉን ራሱ ሰማው መሰል፣ አፉ ክፍት እንዳለ ቆመ።

ውሃ ሲተን የሚጨምር መምህር! ኮምጣጤ ልትስቅም ልትተፋም ቃጣት። ከኋላ ረድፍ አቧራ የጠጣ፣ መለያው የላላ ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ አወረደች፤ ግማሽ ነው። ክዳኑ እንቢ አለ። በቀሚሷ ጫፍ ይዛ አጥብቃ ጠመዘዘችው።

ሽታው እንደ ጥፊ ሰነፈጣት። ዓይኗ በእንባ ተሞላ፣ ጉሮሮዋ ተዘጋ፤ መምህሩም ከበሩ ሆኖ ማሳል ያዘ። የጠርሙሱ አፍ ላይ ያስጠጋችው እርጥብ ቀይ ወረቀት ፈሳሹን ሳይነካ ሰማያዊ ሆነ።

«አሞኒያ» አለ መምህሩ፣ ዓይኑን በኮቱ እጅጌ እየጠረገ። «ረስቼው ነበር። እሱን... እሱን እንዳትደፊው።»

«አልደፋውም።»

ክዳኑን አጥብቃ ዘጋች፤ ባዶ መደርደሪያው ላይ ለብቻው አቆመችው፤ ከዚያም ባልዲውን በእግሯ ገፋ አድርጋ ወደ አሥራ ዘጠነኛው ጠርሙስ እጇን ዘረጋች። መምህሩ ከበሩ አልሄደም።