በእናታችን ስም

ወንድሜ ምስጋና የመርከብ ሰው ነው። ከባምባሲ ወጥቶ በጭነት መርከብ ላይ ሞተር ሲጠግን ያላየው ወደብ የለም። አገር ባየ ቁጥር ግን ሆዱ እየባሰው ሄደ። የሚሰማውን በግጥም ቋጥሮ፣ በድምፁ እየቀዳ ለእናታችን ለብሪቱ በእኔ ስልክ ይልክላት ነበር።

«ስንት ወደብ አየሁ ስንት አገር ዞርኩኝ፣
ለገዛ ራሴም እንግዳ ሆንኩኝ።»

እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ወሎዬ ናት። በደርግ ጊዜ ለሰፈራ ባምባሲ ስትመጣ ያልተቀማችው ነገር ቢኖር ግጥሟ ነው። ስልኩን አፏ ላይ ደቅና ወዲያው ትመልስለታለች።

«ባሕሩ ይስፋ እንጂ ምን ይሆናል ልጄ፣
ልብህን አውቀዋለሁ ተቀምጧል ከደጄ።»

ባለፈው ክረምት አረፈች። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሙላው ለምስጋና እንዳይነገረው ወሰኑ። ባሕር ላይ መርዶ ቢሰማ ማን ይዞ ያስለቅሰዋል፤ ሲመጣ በወጉ ጎህ ሲቀድ ይረዳል አሉ። እሳቸውስ ወስነው ቤታቸው ገቡ፤ ስልኩ የሚጮኸው እኔ እጅ ነው። ጉሮሮዋን አሟታል ብዬ፣ እሷ እየነገረችኝ እንደምጽፍ አስመስዬ ስመልስለት ከረምኩ። መንገድ ዳር ማንጎ እየሸጥኩ ስንኝ አወርዳለሁ። ቤት ሲመታልኝ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ራሴን እጠላለሁ።

በሚያዝያ ምስጋና መጣ። አሶሳ አጎታችን ቤት አሳደርነው፤ ሲነጋጋ ጋሽ ሙላው ከሽማግሌዎቹ ጋር ገብተው መርዶውን ነገሩት። አልጮኸም፣ አላለቀሰም። ደረቱን እንዳይመታ እጁን ሊይዙ የተዘጋጁት ሰዎች ግራ ገባቸው። ትንሽ ቆይቶ እኔን ወደ ጓሮ ጠራኝ።

«ድምጿ የቀረ ዕለት አውቄያለሁ፣ ሸዋሉል» አለኝ።

ታዲያ ለምን እስከዛሬ ተጫወትክብኝ ብዬ ተቆጣሁ። ብነግርሽ መጻፉን ትተይው ነበር አለ። በሰው አገር ሲዞር የት እንዳለ የሚጠፋው ጊዜ አለ፤ በእማዬ ስም የምልከው ስንኝ ሲደርሰው ግን የማን ልጅ እንደሆነ ትዝ ይለዋል።

«ወደ ባሕር ስመለስም ጻፊልኝ። በሷ ስም።»

እንዴት እንደምወደው እግዜር ያውቃል። እሺ ልለው አፌን ከፈትኩ።

«እናታችን ሞታለች፣ ምስጋና» አልኩት።

ከቀብሯ ወዲህ ይህን ቃል ከአፌ አውጥቼው አላውቅም ነበር። ሽማግሌ ሲነግረው ያልተበገረው ወንድሜ ያኔ እሪ ብሎ ተደፋ። ጋሽ ሙላው ለቅሶ ሰምተው ሲወጡ ሁለታችንም መሬት ላይ ነበርን።