መሥዋዕት በንጉሡ ሠ

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደልን ከነሥርዐቱ የተማርኩት ከጋሼ ማተሚያ ቤት ከሚጣል የተበላሸ ወረቀት ላይ ነው። እዚያው ተቀጥሬ በዓመቱ፣ ከራሱ ከጋሼ በቀር፣ በፊደል ለቀማ፣ የብረት ሆሄ እየለቀሙ ለኅትመት በመደርደር፣ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ይህን ስል አላፍርም።

ጋሼ መጻሕፍት አሳታሚ ነበር። ወራሪው ጦር ከተማውን ከያዘ ወዲህ ከፊት ለፊት የልጆች መማሪያ፣ ከጓሮ ደግሞ ሕዝቡን «አትገዛ» የሚል ወረቀት እናትማለን። ለወረቀቱ አንድ ሕግ ነበረው።

«አበላሺው» ይለኛል። «መሥዋዕትን በእሳቱ ሰ ልቀሚ። ሐመሩ ሐ መኖሩንም እርሺ። ድምፃቸው አንድ ነው ብሎ ሌላው ያገኘውን ይደረድራል፤ ለይቶ የሚያትም የኛ ቤት ብቻ ነው። ያ ከሓዲ በፊደላችን ያውቀናል።»

ከሓዲ የሚለው እኔ ከመቀጠሬ በፊት የቤቱ አራሚ የነበረውን፣ አሁን ለወራሪው ጽሑፍ የሚመረምረውን ሰውዬ ነው።

ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። አንድ እሑድ የእኅቴ ባል፣ መምህሩ፣ ሦስተኛውን ከኪሱ አውጥቶ አነበበና ሣቀ።

«ልቡስ ደፋር ነው። ግን ይሄን የጻፈው በእግሩ ነው እንዴ?»

እኅቴም አብራው ተንከተከተች። አንጀቴ አረረ።

አራተኛውን አንድ ሆሄ ሳልስት ለቀምኩት። ጋሼ አምኖኝ ሳያየው ታተመ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ያ ከሓዲ መርማሪ ወታደሮች አስከትሎ መጣ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ጋሼ፣ እርማትዎ አሁንም ያምራል።»

ጋሼ መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበ። ቀና ብሎ አየኝ። ያንን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም።

«የለቀምኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ይቺስ?»

«እሷ? ወለል ጠራጊ ናት። ሰን ከሠ የማትለይ ደንቆሮ!»

«እስኪ እንያት።» መርማሪው እርሳስ አቀበለኝ። «በይ እቴ፣ መሥዋዕት ብለሽ ጻፊ።»

እጄ ትክክሉን ያውቃል። ግድ ብዬ «መስዋእት» አስጻፍኩት።

መርማሪው ሣቀ። «እውነትዎን ነው፣ ባዶ ናት።»

«ነገርኩህ እኮ» አለ ጋሼ፣ እጁን ለካቴናው እየዘረጋ።

ቅዳሜ ገደሉት። ማተሚያ ቤቱን ሊያሽጉ ሲመጡ መርማሪው ጠርቶ መጥረጊያ ሰጠኝ፤ መሬት ላይ የተደፋውን ፊደል አፍሼ እንድጥል። ጠርጌ ጣልኩት።